ክረምቱን ለልጆቻችን፦ በሀርጌሳ ለልጆችና ለቤተሰብ የምናዘጋጀው የስድስት ሳምንት መርሐ ግብር

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ማቴ. 2፥13-15፤ ዘዳ. 6፥6-7፤ ኤር. 29፥4-7፤ ሉቃ. 14፥28-30



ሐምሌ ሲገባ አገር ቤት ሰማዩ ይጠቁራል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ያርፋሉ፤ አጥቢያዎችም የክረምት ትምህርት ይከፍታሉ። ፊደል ያልቆጠረው ሀሁ ይላል፣ የቆጠረው ንባብ ይለማመዳል ወይም መዝሙር ያጠናል። እዚህ ሀርጌሳ ግን ሐምሌ ነፋስና አቧራ ነው። ልጆቻችን አረፉ እንላለን እንጂ ከመካከላቸው ከመጀመሪያውም ትምህርት ቤት ያልገቡ አሉ። እናት ሰው ቤት ስትሠራ ታመሻለች። አባት የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ ወይም በቦሳሶ በኩል ባሕር ሊሻገር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። የስምንት ዓመቷ ልጅ የሁለት ዓመት ወንድሟን አዝላ በር ላይ ትውላለች።

ታዲያ እነዚህን ልጆች በዚህ ክረምት ምን እናድርግላቸው? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ቃሉን እንይ፤ ከዚያ አብረን እናቅድ።

1. ስደተኛው ሕፃን

ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ስታነቡ ዮሴፍ በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንደ ሄደ ታያላችሁ። ዕቃ የመሸከፊያ፣ ዘመድ የመሰናበቻ ጊዜ አልነበረውም። መልአኩ የነገረው እስክነግርህ ድረስ በዚያ ቆይ የሚል ነው። መቼ እንደሚመለስ ቀን አልተቆረጠለትም። ይህን ነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቀው ማን ነው?

ወንጌሉ በግብፅ ምን እንደ በሉ፣ የት እንደ ተከራዩ አይነግረንም። ሉቃስ ምዕራፍ 2 ግን ይህ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ያሳየናል። ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው ከልጅነቱ ጀምሮ በቤቱ ቃሉን ሲሰማ ካደገ ነው። ዮሴፍና ማርያም ስደት ላይ ነን፣ አገር ስንገባ እናስተምረዋለን ብለው የተዉት ልጅ አይመስልም።

ወገኖቼ፣ የእኛ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ፕሮሰሱ ይለቅ፣ ከዚያ ልጄን አስተምራለሁ፤ ዩኤን ይጥራኝ፣ ከዚያ ቤቴን አደራጃለሁ እንላለን። ፕሮሰስ ይዘገያል፤ የልጅ ዕድሜ አይዘገይም። ሰባት ዓመት ሆኖት የመጣ ልጅ አምስት ዓመት ብንጠብቅ አሥራ ሁለት ሞላው ማለት ነው። የኛ መጠባበቂያ ጊዜ ለእርሱ ሙሉ ልጅነቱ ነው። ስለዚህ የክረምቱ መርሐ ግብር ልጆችን ለማዋል ብቻ የምናደርገው ነገር አይደለም፤ እንደገና የማይመጣ ጊዜ ስለሆነ ነው።

2. ለማን ነው የምናዘጋጀው?

እዚህ ላይ ግልጽ እንነጋገር። አገር ቤት የክረምት አገልግሎት ሲባል መዝሙር እየዘመሩ በየሰፈሩ መዞር፣ ድንኳን መትከል፣ ያገኙትን ልጅ ሁሉ መጥራት የለመድን አለን። እዚህ ግን እንግዶች ነን። በ2001 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት መሆኑን ይደነግጋል፤ ከእርሱ ሌላ ሃይማኖት ማስፋፋትንም ይከለክላል። በ2017 እ.ኤ.አ. በዚህ ከተማ ተዘግታ የቆየች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተከፍታ ነበር፤ ተቃውሞ በመነሣቱ ብዙ ሳትቆይ ተመልሳ ተዘጋች። ይህን የምናነሣው ለማማረር አይደለም። የማቀድ መጀመሪያው የቆምንበትን መሬት ማወቅ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ የምናዘጋጀው ለራሳችን ልጆችና ለራሳችን ቤተሰቦች ነው። ይህ ትንሽ ሥራ አይምሰላችሁ። አምና አብረውን የነበሩ፣ ዛሬ የማናያቸው ቤተሰቦች ስንት ናቸው? የቤት ኪራይ ገፍቷቸው ወደ ዳር የሄዱ፣ ልጅ ታሞባቸው የተደበቁ፣ ተጣልተው የቀሩ፣ አፍረው የቀሩ አሉ። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የፈለገው ከመንጋው የጠፋውን በግ ነበር (ሉቃ. 15)። ይህን ክረምት የጠፉብንን ቤተሰቦች ብናገኝ ይበቃናል።

የጎረቤት የሶማሌ ልጅ መዝሙር ሰምቶ በር ላይ ቢቆምስ? በፈገግታ ሰላም በሉት፣ ውሃ ቢጠይቅ ስጡት፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ሸኙት። ወደ ትምህርቱ አታስገቡት። ይህን የምንለው ሕጉን ፈርተን ብቻ አይደለም። ጌታ ሰዎች እንዲያደርጉላችሁ የምትወዱትን እናንተም አድርጉላቸው ብሎ አስተምሮናል (ማቴ. 7፥12)። የእናንተን ልጅ ሰው ጠርቶ ያለ እናንተ ፈቃድ፣ በብስኩት አባብሎ ሌላ እምነት ቢያስተምረው ምን ይሰማችኋል? እንግዲያው እኛም በማንም ልጅ ላይ አናደርገውም። ይህ ሕግ በእኛው መካከልም ይሠራል። ከኛ ጋር ተሰደው ያሉ ሙስሊም ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና ጴንጤ ጎረቤታሞችም ነን። የማንኛውም ልጅ መምጣት በወላጁ እውቀትና ፈቃድ ይሁን። ምግብና እስክሪብቶ ማጥመጃ አይሁን።

ኤርምያስ በባቢሎን ላሉ ስደተኞች የጻፈውን ደብዳቤ አስታውሱ። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ ካለ በኋላ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላምን ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ ይላቸዋል፤ የእነርሱ ሰላም በእርሷ ሰላም ውስጥ ነውና። የሀርጌሳ ሰው ስደትን ያውቃል። በ1988 እ.ኤ.አ. የዚያድ ባሬ መንግሥት ይህችን ከተማ በአውሮፕላን ሲደበድብ ሕዝቧ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ነው የሸሸው። በሐርቲሼክ የነበረው መጠለያ በዘመኑ በዓለም ከነበሩት ታላላቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። መሐል ከተማ ላይ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት የዚያ ዘመን ማስታወሻ ነው። ብዙ ቀድሞም፣ በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ተሰደው በአክሱም ክርስቲያን ንጉሥ ዘንድ መጠጊያ አግኝተዋል። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። እኛና ጎረቤቶቻችን በየተራ አንዳችን በሌላችን ደጅ ያረፍን ሰዎች መሆናችንን የሚያውቅ ልጅ ጎረቤቱን አይንቅም፤ ራሱንም አይንቅም።

3. ወጪውን ቁጭ ብሎ መቁጠር

ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቆጥራል አለ። በጋለ ስሜት ተጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት የሚቆም መርሐ ግብር ልጆችን ይጎዳል። ብዙ ሰው ቃል ገብቶላቸው የቀረባቸው ልጆች ናቸው፤ እኛ ደግሞ እንዳንጨምርባቸው። ስለዚህ የምንችለውን ያህል ብቻ እንጀምር።

ቀንና ሰዓት፦ በሀርጌሳ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ዕረፍቱ ዓርብ ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይሁን። ከቀትሩ የጁምዓ ስግደት በፊት ልጆቹ ቤታቸው ይገባሉ፤ መንገዱም አይጨናነቅባቸውም። ዓርብም ሥራ የሚገቡ እናቶች አሉ። ለእነርሱ ማታ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሁለት እህቶች ይመደቡ።

ቦታ፦ ትልቅ አዳራሽ አትፈልጉ። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ የጸሎት ስብሰባ ያገኘው በወንዝ ዳር ነበር (ሐዋ. 16፥13)፤ በጵርስቅላና በአቂላ ቤትም ቤተ ክርስቲያን ነበረች (ሮሜ 16፥5)። አንድ ክፍል አሥራ አምስት ልጅ ከያዘ ሠላሳውን ለሁለት ቤት ክፈሉ። የቤቱን ባለቤት፣ የአከራዩንም ጭምር፣ ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከበሮና ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም፤ ልጆች በለሆሳስም ይዘምራሉ።

ሰው፦ ለአምስት ትናንሽ ልጆች አንድ አዋቂ ብትመድቡ ለሠላሳ ልጆች ስድስት አዋቂ ያስፈልጋችኋል። ስድስት ሰው ከሌለ ልጁን ቀንሱ። አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን ይያዝ አትበሉ።

ውሃና ምግብ፦ ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ እየተገዛ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሁለት ቢሞላ ለሠላሳ ልጅ ከአንድ ሊትር በላይ ይደርሳል፤ ለመጠጥም ለእጅ መታጠቢያም ይበቃል። ለምግብ ዳቦና ሻይ፣ ወይም ቆሎ ይሁን፤ ለሕፃናት ግን ቆሎ አትስጡ፣ ሊያንቃቸው ይችላል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነውና ጾመኞቹ ልጆች እንዳይሳቀቁ በእነዚያ ሳምንታት ለሁሉም የጾም ምግብ አቅርቡ።

ገንዘብ፦ መዋጮው በዛድ ቢላክ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር አንድ ሰው ይቀበል፣ ሌላ ሰው ይመዝግብ። በየሳምንቱ የገባውና የወጣው በወረቀት ተጽፎ ለወላጆች ይነበብ። አንድ ዳቦ ያመጣችውም እናት ትጻፍ። ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጌታ አይቷታልና (ማር. 12)።

4. ቋንቋና ብሔር

ይህን ነጥብ ብንዘለው ደስ ይለን ነበር፤ ግን አይዘለልም። ከኦሮሚያ፣ ከአማራ፣ ከትግራይ፣ ከሌላም ቦታ ሸሽተን እዚህ ተገናኝተናል። አንዳንዳችን ከሌላው ወገን በመጣ ጥይት ሰው አጥተናል። ትልልቆቹ በአንድ የውሃ ወረፋ ላይ ቆመን ሰላም የማንባባልበት ቀን አለ። ልጆቹ ይህን ያያሉ። የሚጫወቱትም እኛ እንደ ነገርናቸው ነው።

የክረምቱ ትምህርት ይህን ቁስል ሊነካው ካልቻለ ምን ይጠቅማል? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 በበዓለ ኃምሳ ቀን ሕዝቡ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ነው የሰማው። እግዚአብሔር አንዱን ቋንቋ መርጦ ሌሎቹን አላስጣለም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በየሳምንቱ አንድ መዝሙር በአማርኛ፣ አንድ በኦሮምኛ፣ አንድ በትግርኛ ይማሩ። ልጆቹን በቡድን ስትከፍሉ በዕድሜ ክፈሉ፤ በመጡበት ቦታ አትክፈሉ። ማንንም ልጅ ብሔርህ ምንድን ነው ብላችሁ አትጠይቁ። አስተማሪዎቹም ከአንድ ወገን ብቻ አይሁኑ። የአንዱ ብሔር እናት ለሌላው ብሔር ልጅ ዳቦ ስትቆርስ ልጁ የሚማረው ከስብከት ይበልጣል።

5. የታናናሾቹ ጥበቃ

ማቴዎስ ምዕራፍ 18 ላይ ጌታ ከታናናሾቹ አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረው ከባድ ነው፤ የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ባሕር ቢሰጥም ይሻለው ነበር አለ። ስለዚህ የሚከተሉት አምስት ነገሮች በምክር ደረጃ የቀረቡ አይደሉም፤ እነርሱ ካልተሟሉ መርሐ ግብሩ አይጀመር።

አንደኛ፣ ማንም አዋቂ፣ አገልጋይም ሆነ ሽማግሌ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሁን። ሽንት ቤት ሲኬድም ሁለት ሁለት ሆኖ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጁ ሲመጣና ሲሄድ ስሙ ይጻፍ። ማን እንደሚወስደው ወላጁ አስቀድሞ ይንገር። እናቱ ልካኝ ነው ብሎ ለመጣ ለማናውቀው ሰው ልጅ አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ ፎቶና ቪዲዮ አይነሣ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የወጣ የልጅ ፊት ተመልሶ አይሰበሰብም። እዚህ ተደብቆ ያለ ቤተሰብ እንዳለም አትርሱ።

አራተኛ፣ ጦርነት ያየ ልጅ ታሪኩን እንዲናገር አይገደድ። መሣል ከፈለገ ይሣል። ማልቀስ ቢጀምር አጠገቡ ተቀመጡ፤ ለምን ብላችሁ በልጆች ፊት አትጠይቁት።

አምስተኛ፣ ልጅ አንድ ሰው ጎዳኝ ቢል እመኑት፣ አትቆጡት፣ ለሽምግልናም አትሸፋፍኑት። ለልጆች ጥበቃ ለሚሠሩት ሰዎች ወዲያውኑ ይነገር። የጎዳው ሰው የተከበረ ቢሆንም እንኳ።

6. ስድስቱ ዓርቦች

እያንዳንዱ ዓርብ ፊደል ለግማሽ ሰዓት፣ ታሪክ ለግማሽ ሰዓት፣ ጨዋታና እጅ ሥራ ለግማሽ ሰዓት፣ ምግብና ጸሎት ለግማሽ ሰዓት ይሁን። ሀርጌሳ የተወለዱ ልጆቻችን ሶማልኛ ጥርት አድርገው ይናገራሉ፤ ግን የአያታቸውን ደብዳቤ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ፊደሉን እንደ ትርፍ አትዩት።

ሳምንት 1፦ ሕፃኑ ኢየሱስ በግብፅ (ማቴ. 2)። ወደ ቤት የሚወሰድ ጥያቄ፦ እኛ ከየት መጣን? ማን ረዳን?

ሳምንት 2፦ አጋርና ልጇ በበረሃ (ዘፍ. 21)። ውሃው ያለቀባት እናትና እግዚአብሔር ድምፁን የሰማው ልጅ። ጥያቄ፦ እግዚአብሔር የሰማን መቼ ነው?

ሳምንት 3፦ ሩትና ኑኃሚን (ሩት 1-2)። ጥያቄ፦ በዚህ አገር ደግ የሆነልን ማን ነው?

ሳምንት 4፦ ዮሴፍና ወንድሞቹ (ዘፍ. 45)። ጥያቄ፦ ከማን ጋር እንታረቅ?

ሳምንት 5፦ ዳንኤልና ጓደኞቹ (ዳን. 1)። በሰው አገር የሰውን ቋንቋ ተምረው፣ ሥራቸውን አክብረው ሠርተው፣ እምነታቸውን ያልጣሉ ልጆች። ጥያቄ፦ ምን እንማር? ምን እንጠብቅ?

ሳምንት 6፦ ደጉ ሳምራዊ (ሉቃ. 10)፣ ከቤተሰብ ቀን ጋር።

ከሐምሌ አጋማሽ ከጀመራችሁ ስድስተኛው ዓርብ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ይውላል። በመካከሉ ነሐሴ 13 ቡሄ አለ። እዚህ በየደጁ እየዞሩ መጨፈርና ጅራፍ ማጮኽ አይሆንም፤ ጎረቤት ይደነግጣል። ሙልሙሉን ግን ማን ይከለክለናል? ቤት ውስጥ ጋግራችሁ ለልጆቹ አካፍሏቸው። ለጎረቤትም ሰላምታ ብላችሁ ብትልኩ መልካም ነው።

ወንድሟን ያዘለችው ልጅስ? ልጅ ይዘሽ አትምጪ አትበሏት። ጥግ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ፣ አንዲት እናት ሕፃናቱን ትያዝ። ያቺ ልጅ በሳምንት ሁለት ሰዓት ጀርባዋ ባዶ ሆኖ ብትጫወት ለእርሷ ትልቅ ነገር ነው።

7. ከዓርብ እስከ ዓርብ

ዘዳግም 6 ቃሉን ለልጆች ማስተማርን ለካህንና ለመምህር ብቻ አልሰጠውም። በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ይላል። ጢሞቴዎስ እምነቱን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው (2ጢሞ. 1፥5)። እናንት እናቶች፣ ማንበብ አልችልም ብላችሁ አትፍሩ። ልጁ የሰማውን ታሪክ ሲመጣ ንገረኝ በሉት። እርሱ ሲነግራችሁ እናንተም ትማራላችሁ፤ እርሱም የሚሰማው ሰው እንዳለው ያውቃል። እናንት አባቶች ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ስልኩን አስቀምጣችሁ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት።

መርሐ ግብሩ ሲያልቅ ስንት ልጅ መጣ ብላችሁ ብቻ አትቁጠሩ። ተጣልተው የነበሩ ስንት ቤቶች ቡና ተጠራሩ? ስንት ልጅ ስሙን መጻፍ ቻለ? የጠፋው ቤተሰብ ተገኘ? እነዚህንም ጻፉ።

ለውይይት

1. በአጠገባችን ካሉ ቤተሰቦች ከስድስት ወር ወዲህ ያላየናቸው እነማን ናቸው? ማን ይሂድላቸው?
2. ቤቱን፣ ውሃውን፣ ዳቦውን፣ ጊዜውን ማን ይሰጣል? የምንችለው ስንት ልጅ ነው?
3. ከአምስቱ የጥበቃ ነገሮች ለኛ የሚከብደን የትኛው ነው? ለምን?
4. ጎረቤቶቻችን ስለ እኛ መልካም እንዲናገሩ በዚህ ክረምት ምን ማድረግ እንችላለን?

የጸሎት ርዕሶች

ፊደል ሳይቆጥሩ ስላደጉ ልጆቻችን። ባሕር ሊሻገሩ ወጥተው ድምፃቸው ስለጠፋ አባቶችና ወንድሞች። ሰው ቤት እየሠሩ የራሳቸውን ልጅ ተኝቶ ብቻ ስለሚያዩ እናቶች። ስለ ሀርጌሳ ከተማ ሰላም፣ በክፉ ቀን ስላስጠጉን ጎረቤቶቻችን። በመካከላችን ስላለው ቂም፣ ወደ ልጆቻችን እንዳይወርድ።

ሕፃኑን በስደት የጠበቀ አምላክ የእናንተንም ልጆች ይጠብቅ። አሜን።